ኪቦርዱን ከአቧራ እንሸፍን፣ ከልጁ ግን አንደብቅ
(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ወደዚህ ስንወጣ ስለ መዋጮ፣ ስለ ቅጣት ወይም ስለ ብድር አመላለስ ልንናገር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዛሬ የመጣነው ስለ አቧራ ልንናገር ነው። ብድሩም ግን ከውስጡ አልጠፋም።

ከቁጠባችን ተበድረን ከምንገዛቸው ዕቃዎች አንዱ ኪቦርድ ነው፤ ብዙዎቻችን ኦርጋን እንለዋለን። አንዷ ለመዘምራን ለሚጫወት ልጇ ትገዛለች፣ አንዷ ሙዚቃ መማር ለጀመረች ልጇ፣ አንዷ ደግሞ ለሠርግና ለልደት ልታከራየው። በ30,000 ብር ተገዛ እንበል። 6 ዓመት ካገለገለ በየዓመቱ 5,000 ብር ተጠቅመንበታል ማለት ነው። 10 ዓመት ካገለገለ ግን ዓመታዊ ወጪው ወደ 3,000 ብር ይወርዳል። ብድሩን በ24 ወር የምንከፍል ሆነን ኪቦርዱ በ18ኛው ወር ዝም ካለ፣ የቀረውን 6 ወር የምንከፍለው ለማይናገር ዕቃ ነው። ያውም ከእያንዳንዳችን ኪስ የወጣ የጋራ ገንዘብ ነው።

አቧራ ይህን ያህል ምን ያደርጋል የምትሉ ትኖራላችሁ። ላዩ ላይ ቢቀመጥ በጨርቅ ይጠረጋል። ችግሩ ያለው ከቁልፎቹ ሥር ነው። በተለመደው የቤት ኪቦርድ ላይ 61 ቁልፎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር እንደ ትንሽ ጉልላት ያበጠ ላስቲክ ተቀምጧል። በላስቲኩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጥቁር ነገር አለ። ቁልፉን ስንጫን ጥቁሩ ከታች ካለው ሰሌዳ ጋር ይነካካና ድምፅ ይወጣል። የጣትን ኃይል በሚለዩት ኪቦርዶች ላይ ደግሞ ለአንድ ቁልፍ ሁለት ንክኪ አለ፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ ይነካል፣ በመካከላቸው ያለው ቅጽበት ልጁ በቀስታ ነካው ወይስ በኃይል መታው የሚለውን ይነግረዋል። እንግዲህ በዚያ ቦታ ላይ ትንሽ ብናኝ ስትገባ ቁልፉ ወይ ጭራሹን ዝም ይላል፣ ወይ በቀስታ ተነክቶ ይጮኻል። የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻውም አቧራ ሲገባበት መንጫጫት ይጀምራል።

ይህን ጊዜ ነው ብዙ ቤት ውስጥ «ተቃጠለ» የሚባለው። በርካሽ የሚሸጥም አለ። ነገር ግን አንድ ሁለት ቁልፍ ብቻ ዝም ሲል ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ተከፍቶ መጽዳት ነው። ወደ ሠሪ ስንወስደው «በመጀመሪያ ላስቲኩና ሰሌዳው ይጽዳልን» እንበል፤ የመክፈቻና የማጽጃውን ዋጋ ከመለዋወጫው ዋጋ ለይቶ እንዲነግረን እንጠይቅ፤ ደረሰኝም እንቀበል። እኛ ራሳችን ግን ባንከፍተው ይሻላል። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች እንደ ጥልፍ ክር ታጋሽ አይደሉም።

አቧራው ከየት እንደሚመጣ እንይ፤ ከውጭ ብቻ አይደለም። ኮረኮንች መንገድ ዳር የሚኖሩ እህቶቻችን በበጋ መስኮታቸውን ከፍተው የሚያገኙትን ያውቁታል። የቤት ውስጡን ግን እንዘነጋዋለን። ደረቅ ወለል ስንጠርግ የሚነሳው አለ። ዱቄት ስንነፋ የሚበተነው አለ። ብርድ ልብስ ስናራግፍ የሚወጣው አለ። ከሁሉም የሚብሰው የማድቤቱና የቡናው ነው። ከሰሉን በማራገቢያ ስናራግብ አመዱ ይበናል፣ ቡናው ሲቆላና እጣኑ ሲጨስ ጭሱ ቤቱን ይሞላል፣ ሽንኩርቱ በዘይት ሲቁላላ ቅባት ያለው እንፋሎት ይወጣል። ደረቅ አቧራ በብሩሽ ይለቃል፤ ቅባት የነካው ግን ይጣበቃል፣ ቁልፉንም ያከብደዋል። ቡናችንን እንተው አይደለም የምንለው። ቡናው ከመቅረቡ በፊት ኪቦርዱ ይሸፈን ነው። ወለል ሲጠረግም ትንሽ ውኃ ረጨት ይደረግበት። ቦታውም ከመስኮት፣ ከምድጃና ከበር ራቅ ያለ ይሁን።

አሁን ወደ መሸፈኛው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን። በሳሎናችን ቴሌቪዥኑም ጠረጴዛውም ዳንቴል ይለብሳል። ዳንቴል ያምራል፣ የእናቶቻችን እጅ ሥራ ነው፤ አቧራ ግን በቀዳዳው ገብቶ ይወርዳል። የሚወድ ከላይ ያልብሰው፣ ከሥሩ ግን ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ይኑር። አቡጀዴ በጣም ጥሩ ነው፤ ክሩ የጠበቀ ነው፣ ይታጠባል፣ ዋጋውም አይጎዳም። ፎጣና ጋቢ ግን ብናኝ ስለሚያራግፉ ራሳቸው አቧራ ይሆናሉ። ላስቲክ የሚያለብሱም አሉ። ላስቲክ በክረምት እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፣ ሲገፈፍም አቧራ ወደ ራሱ ይስባል።

የጨርቁ አንድ ገጽ በቀለም ክር ምልክት ይደረግበት። ምክንያቱም ዛሬ አቧራ የተቀበለው ገጽ ነገ ተገልብጦ ቁልፉ ላይ ካረፈ ልፋታችን ከንቱ ነው። ስንገፈውም የላዩን ገጽ ወደ ውስጥ እያጠፍን እንጂ አናራግፈው። በየሳምንቱ ይታጠብ፣ በደንብም ይድረቅ። ኪቦርዱ ሳይጠፋ ደግሞ አይሸፈን።

ለጽዳቱ መጀመሪያ ከሶኬት ይነቀል። አዲስና ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ገዝተን ለዚህ ብቻ እናስቀምጥ፤ ከኋላ ወደ ራሳችን እየሳብን እንጥረግ፣ ወደ ቁልፎቹ መካከል አንግፋው። በአፍ መንፋት ምራቅ ያስገባል። የእጅ ቅባት ካለበት በውኃ ረጥቦ አጥብቆ በተጨመቀ ጨርቅ ተጠርጎ ወዲያው ይድረቅ። በረኪና፣ ቤንዚንና አልኮል ፕላስቲኩን ያበላሻሉ፤ የሚረጭ ማጽጃም በቀጥታ አይረጭበት። የአበባ ማስቀመጫና የቡና ሲኒ ላዩ ላይ አይቀመጡ። ልጆቹም ከምሳ ተነስተው ሳይታጠቡ አይንኩት።

እዚህ ላይ ግን ከአቧራው የሚበልጥ ነገር አለ። ኪቦርዱን በጣም ከመውደዳችን የተነሳ በካርቶኑ ከትተን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን ቁም ሣጥን ላይ የምንሰቅል አለን። ልጅቷ ለመለማመድ እናቷን ትጠብቃለች፣ ካርቶን ይወርዳል፣ ገመድ ይፈታል፤ ሁለት ቀን ትጠይቅና በሦስተኛው ትተወዋለች። አቧራም አልገባበትም፣ ሙዚቃም አልወጣበትም። በሒሳብ ሰው ዓይን ይህ ከብልሽት አይሻልም፤ ያልሠራ ዕቃም በየዓመቱ ዋጋው ይወርዳል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ በኖረባቸው ዓመታት በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናው ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ አውሮፕላን ማረፊያው ዘንድ ይለማመድ ነበር። በኋላ ወደ መድረክ ሲመለስ ጣቶቹ ሥራቸውን አልረሱም። ኪቦርድ እጅ የሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት።

ስለዚህ መሸፈኛው አንድ ልጅ በአንድ እጁ ገፍፎ መልሶ የሚያለብሰው ይሁን። ቋጠሮም ዚፕም አያስፈልገውም። ማልበሱም የእናት ሥራ ብቻ አይሁን፤ የተጫወተው ልጅ ራሱ አጥፍቶ ይሸፍን። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ይችላል፤ እኛው ቀድመን ካልሠራንለት።

የስፌት ሥራ ያላቸው አባሎቻችን መሸፈኛውን በአቡጀዴ ሊሰፉ ፈቃደኛ ናቸው። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ስላለው አንድ ሜትር ተኩል ጨርቅ ጠርዙን ለማጠፍም ይበቃል። ቢሆንም ሁሉም እኩል አይደሉምና የየቤታችሁን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሳንቲ ሜትር ለክታችሁ፣ ስማችሁን ጽፋችሁ ለሚቀጥለው ስብሰባ አምጡ። ክፍያው ከመዋጮው ተለይቶ ይመዘገባል፤ ደረሰኙን ከእኛ ዘንድ ትወስዳላችሁ።