የኪስ ካሜራና ነጭ ነጠላ

ካሜራ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ብሎ ነው፤ ሻጩም ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ደስ ብሎት ያነብለታል። በ10 በ15 ሴንቲሜትር ወረቀት አጥርቶ ለማሳተም ግን 2 ሜጋፒክስል ያህል ይበቃል። አሁን ያሉት የኪስ ካሜራዎች 16ም 20ም አላቸው። ስለዚህ ቁጥሩን ተዉትና የሴንሰሩን ስፋት ጠይቁ።

ሴንሰር ከሌንሱ ጀርባ ሆኖ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ነው። ረከስ ባሉት ካሜራዎች ወርዱ 6 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 4 ተኩል ገደማ ነው፤ የትንሽ ጣት ጥፍር አያክልም። ሶኒ በፈረንጆቹ 2012 ባወጣው አርኤክስ 100 ውስጥ ያለው ግን 13 በ9 ገደማ፣ በስፋት አራት እጥፍ ነው። ሰፊው ብዙ ብርሃን ስለሚሰበስብ፣ ማታ ሳሎን ውስጥ በአንድ አምፖል የተነሳ ፎቶ እንደ ትንሹ በነጠብጣብ አይሞላም። ዋጋው ይወደዳል፣ አልደብቃችሁም።

ዙም ላይ ብዙ አልቆይም። «ኦፕቲካል» የተባለውን ብቻ ቁጠሩ፤ እሱ በሌንስ ያቀርባል። «ዲጂታል» የሚሉት ፎቶውን ቆርጦ ማተለቅ ነው፤ ያንን ቤት ገብታችሁም ታደርጉታላችሁ።

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ። ለጥምቀት እናታችሁን ነጠላ እንደለበሱ ስታነሷቸው ፊታቸው የሚጠቁረው ለምንድን ነው? ካሜራው ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ነጩ ሲበዛበት «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው አመድማ ይሆናል፣ ጠይሙ ፊት ይጨልማል። መላው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው። ስክሪኑ ላይ +0.7 ወይም +1 እስኪል ከፍ አድርጉት። ካበዛችሁት የሸማው ሽመና ይጠፋል። ሁለቱ ካልተስማሙ እኔ ፊቱን እመርጣለሁ፤ ሸማውንማ ቤት ሄጄ አየዋለሁ። ይህን ቁልፍ ሜኑ ውስጥ የደበቀ ካሜራ በነጻ ቢሰጡኝም አልወስድም።

ፀሐይ ከእናታችሁ ጀርባ ከሆነች ፍላሹን በቀንም አብሩት። ጉልበቱ ግን ጥቂት ሜትር ነው፤ ታቦት ሲወጣ ከሩቅ የሚብለጨለጩት የኪስ ካሜራዎች ባትሪ ከመጨረስ በቀር ለፎቶው የሚጨምሩለት የለም።