ስለ ድብልቅ ቍጥሮች አሣሣል



በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ሁለት ወንዞች ይገናኛሉ። ከሰከላ ምድር ፈልቆ፥ በጣና በኩል አልፎ፥ ጎጃምን ዞሮ የሚወርደው ጥቁር ዓባይ ከምሥራቅ ይመጣል፤ ከታላላቆቹ ሐይቆች አገር ተነሥቶ በደቡብ ሱዳን ረግረግ ውስጥ ሲያዘግም የቆየው ነጭ ዓባይ ከደቡብ ይደርሳል። ስፍራውን የአገሩ ሰዎች አል-ሞግራን ይሉታል፤ መገናኛ ማለት ነው። በዚያ የቆመ ሰው የሁለቱ ውሃ ቀለሙ ሳይዋሐድ ጎን ለጎን ሲሄድ ያያል። ወደ ታች ርቆ የቆመ ሰው ግን የሚያየው አንድ ወንዝ ብቻ ነው። የዚህ ንግግር ጕዳይ የሁለተኛው ሰው ጕዳይ ነው፤ ይኸውም ተደባልቆ የመጣ ቍጥር ከሁለት ምንጭ መምጣቱ ይታወቅ ዘንድ በወረቀት ላይ እንዴት ይሣላል የሚለው ነው።

ጥቁር ዓባይ ለብቻውም ቢሆን ድብልቅ ነው። ታላቁ የህዳሴ ግድብ ከመሠራቱ በፊት በካርቱም በኩል በነሐሴ ወራት በየሰከንዱ ከ5,000 ሜትር ኩብ የሚበልጥ ውሃ ያልፍ ነበር፤ በበጋው መጨረሻ ግን ወደ ጥቂት መቶ ሜትር ኩብ ይወርድ ነበር። የዓመቱ አማካይ 1,600 ያህል ይሆናል። ነገር ግን ወንዙ በዚህ ልክ የሚገኘው በክረምት መግቢያ ሲሞላ፥ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ሲጐድል፥ በዚያ በኩል በሚያልፍባቸው ጥቂት ቀናት ብቻ ነበር። እንግዲህ አማካዩን ብቻ ይዞ ድልድይ የሚሠራ ወይም እርሻ የሚያለማ ሰው ከዓመቱ በአብዛኛው ላልነበረ ወንዝ ሠራ ማለት ነው።

ለእንዲህ ያለው ነገር ሥዕል ያስፈልጋል። የጥግግት መስመር የሚባለው ቍጥሮቹ የተከማቹበትን ስፍራ ከፍ፥ የሳሱበትን ዝቅ አድርጎ የሚያሳይ ኩርባ ነው፤ በሥሩ ያለው ስፋት በጠቅላላው 1 መሆን አለበት። እንግሊዛዊው ካርል ፒርሰን በ1894 (በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከኔፕልስ ባሕር የተያዙ የ1,000 ሸርጣኖችን ልኬት ተቀብሎ፥ አንድ የደወል ቅርጽ አልገጥም ቢለው፥ ሁለት ደወሎችን ደምሮ አገጣጠመ። ለዚህም ዘጠነኛ ደረጃ ያለው እኩልታ በእጁ መፍታት ነበረበት። ዛሬ ይህን ድካም ኮምፒዩተር ተሸክሞታል፤ በ1977 ደምፕስተር፥ ሌርድና ሩቢን ያሳተሙት ዘዴ እያንዳንዱ ቍጥር ከየትኛው ምንጭ እንደ መጣ በመገመትና ግምቱን ደጋግሞ በማረም ይሠራል። ሥዕሉን ግን እጩ መምህር አስቀድሞ በእጁ ቢሥለው ይሻላል፤ ከመሣሪያ የወጣ ኩርባ ዐይንን ያስደስታል እንጂ እንዴት እንደ ተሠራ አይናገርምና።

ለምሳሌ ይሆን ዘንድ 60 ተማሪዎች ተፈተኑ እንበል። 40ዎቹ በ40 ነጥብ ዙሪያ፥ 20ዎቹ በ70 ነጥብ ዙሪያ ተሰበሰቡ፤ የሁለቱም ወገን መደበኛ ልይይት 5 ነው። የአንድ ደወል ጫፍ 0.4 ለመደበኛ ልይይቱ ተካፍሎ ይገኛልና የሁለቱም 0.08 ይሆናል። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱን ደወሎች እንዳሉ ይደምራሉ፥ በሥሩ ያለውም ስፋት 2 ይሆንባቸዋል። እያንዳንዱ ደወል አስቀድሞ በድርሻው መባዛት አለበት፤ የፊተኛው በሁለት ሦስተኛ፥ የኋለኛው በአንድ ሦስተኛ። ጫፎቹም 0.053 እና 0.027 ይሆናሉ። ሥዕሉ ተማሪዎች በተቈጠሩባቸው ዓምዶች ላይ የሚደረብ ከሆነ ደግሞ ኩርባው በተማሪዎቹ ብዛትና በዓምዱ ወርድ መባዛት ይገባዋል፤ የዓምዱ ወርድ 5 ነጥብ ቢሆን 0.053 በ300 ሲባዛ 16 ተማሪ ያህል ይሰጣል። ይህ ካልተደረገ ኩርባው ከዓምዶቹ ሥር ተጋድሞ ይቀራል፤ ተማሪውም ሒሳቡ የተሳሳተ ይመስለዋል።

የዚህ ክፍል አማካይ ውጤት 50 ነው። በ50 ላይ የኩርባው ከፍታ በ40 ላይ ካለው ጫፍ አንድ ሰባተኛ ያህል ብቻ ነው። መምህሩ ትምህርቱን ለ50ው ልክ ቢያዘጋጅ 40ዎቹ አይከተሉትም፥ 20ዎቹም ይሰለቹበታል፤ ለኀላፊው በሚላከው መዝገብ ላይ ግን ክፍሉ መካከለኛ ተብሎ ይጻፋል። በየዓመቱ ስንት ክፍል በዚህ ቃል ተጽፎ እንዳለፈ መዝገብ ቤቱ ይቍጠረው።

ሥዕሉ ሁልጊዜ ሁለት ኮረብታ አያወጣም። ድርሻቸውና ልይይታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ደወሎች በመካከላቸው ያለው ርቀት ከመደበኛ ልይይቱ እጥፍ ካልበለጠ ኮረብታው አንድ ይሆናል። በአንጻሩም ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ አንድ ነገር ሁለት መስሎ ሊገጥም ይችላል። የወንዝ ልክ እንዲህ ያዘነብላል፤ ደግሞም ውሃ ከዜሮ በታች አይወርድምና የደወሉ ጭራ ከዜሮ ወዲያ ቢያልፍ ነውር ነው። ስለዚህ የወንዙን ቍጥር አስቀድሞ ወደ ሎጋሪዝም መለወጥ ይበጃል። ጠቅላላውን ኩርባ በደማቅ መስመር፥ ክፍሎቹን በተቈራረጠ መስመር በአንድ ወረቀት ላይ መሣልም ተመልካቹ ራሱ እንዲፈርድ ያደርገዋል።

ካርቱም የዚህን ነገር ክብደት በጐርፍ ዐውቃዋለች። በ1946 ጥቁር ዓባይ ሞልቶ ታላቅ ጐርፍ ሆነ። በነሐሴ 1988 ግን ከወንዙ ሙላት ሌላ በአንድ ቀንና ሌሊት 200 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ በከተማዪቱ ላይ ወረደ፤ ይህ በዓመት ከምታገኘው አማካይ ዝናብ የሚበልጥ ነው። የጭቃ ቤቶች ፈረሱ፥ እጅግ ብዙ ሕዝብም ያለ መጠለያ ቀረ። የሁለቱን ወንዞች መዝገብ ብቻ ይዞ ኩርባ የሣለ ሰው ይህን ቀን በወረቀቱ ላይ አያገኘውም፤ ከሰማይ የመጣው ሦስተኛው ምንጭ በድብልቁ ውስጥ አልተቈጠረምና።

የጥቁር ዓባይም ኩርባ በነበረበት አይቀጥልም። የህዳሴው ግድብ በ2020 ውሃ መያዝ ጀመረ፥ በመስከረም 2025ም ተመረቀ። የክረምቱ ውሃ ተይዞ በበጋ ሲለቀቅ ሁለቱ ኮረብታዎች ወደ መካከል ይቀራረባሉ፤ ቀድሞ ባዶ የነበረው የአማካዩ ስፍራም ይሞላል። ስለዚህ ከ2020 በፊትና በኋላ ያሉት ቍጥሮች በአንድ ኩርባ ሥር ሳይቀላቀሉ፥ በአንድ ሚዛን በሁለት ወረቀት ተሥለው ጎን ለጎን ቢሰቀሉ ለክፍል ተስማሚ ይሆናሉ።