ዝምታ የማያዋጣበት መንገድ



አዘጋጆቹ «ከሥራ ውጭ የሆነ ነገር ንገሪን» ስላሉኝ ዛሬ ስለ ድብ ነው የማወራችሁ። መጨረሻው ሥራ ላይ ከወደቀ ይቅር በሉኝ፤ ሐኪም ምን ታደርጉታላችሁ?

ባለፈው ሐምሌ አሜሪካ የምንኖር አራት የባች ልጆች ተጠራርተን ሞንታና ወደሚገኘው ግሌሸር ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። ዓላማችን አይስበርግ ሌክ የሚባለውን የተራራ ሐይቅ ማየት ነበር። የእግር መንገዱ ደርሶ መልስ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐይቁ ያለው ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ከአዲስ አበባ በብዙ ዝቅ ይላል። ይሁን እንጂ ከምድር ወገብ እጅግ ስለሚርቅና ረጃጅም ገደሎች ስለሚጋርዱት በበጋም በረዶ ይንሳፈፍበታል።

አካባቢው ጥቁር ድብም ግሪዝሊም ያለበት ነው። የፓርኩ ምክር ግልጽ ነው፦ በቡድን ሂዱ፤ ከድብ ቢያንስ 91 ሜትር ራቁ፤ ብታገኙት አትሩጡ፤ የድብ መከላከያ ስፕሬያችሁን ቦርሳ ውስጥ አትቅበሩት፣ እጃችሁ በሚደርስበት ያዙት። ስፕሬዩ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን ሚጥሚጣን የሚያቃጥለው ያው ንጥረ ነገር ነው። አንዷ ጓደኛችን «ታዲያ ከቤት አናመጣም ነበር?» ብላ አሳቀችን።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ምክር ነው፦ ድምፅ አሰሙ! ቃጭል ማንጠልጠል አይበቃም፤ የሰው ድምፅ ይሻላል። በተለይ መንገዱ ሲታጠፍ፣ ቁጥቋጦው ሲጠቀጠቅ፣ ወንዙ ሲጮህ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ግሪዝሊ ብዙውን ጊዜ ሰው ላይ የሚነሳው ሊበላው ፈልጎ አይደለም፤ ድንገት ሲደርሱበት ነው። ግልገል ያላት እናት ደግሞ ከሁሉ ትብሳለች።

እኛ እንግዲህ «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ያደግን ልጆች ነን። ጫካ ውስጥ መጮህ አሳፈረን። በኋላ አንዱ «ኦልፋክተሪ!» ብሎ ጀመረ፤ ሌላዋ «ኦፕቲክ!» ብላ ተቀበለች። አሥራ ሁለቱን የራስ ቅል ነርቮች እየደጋገምን ተራራውን ወጣነው። አናቶሚ ያስተማራችሁን መምህራን፣ አልረሳንም!

ሐይቁ ጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አንዲት ግሪዝሊ ከሁለት ግልገሎቿ ጋር ከመንገዱ በላይ ሥራሥር ስትቆፍር አየን። ቀና ብላ አየችንና ወደ ቁፋሮዋ ተመለሰች። በዕድሜም በማዕረግም የሚበልጠን ጓደኛችን «እዚህ ድረስ መጥተን? ጥጉን ይዘን እንለፍ» አለ። ያኔ ከመካከላችን ዝምተኛዋ፣ በተማሪነታችን ራውንድ ላይ ድምፅዋ የማይሰማው ልጅ፣ «እኔ አላልፍም። እንመለስ» አለች። እሱም ትንሽ አሰበና «ልክ ነሽ» አለ። በዝግታ ወደ ኋላ ሄድን። ስለዚህ ሐይቁን እስከ ዛሬ አላየሁትም።

እኔ የምሠራው ፅኑ ሕሙማን ክፍል ነው። እዚያ ብዙ ጊዜ አደጋው ከመድረሱ በፊት አንድ ያየ ሰው አለ። ኢንተርኑ የመድኃኒቱ መጠን እንደበዛ ልብ ይላል፤ ነርሷ የታካሚው አተነፋፈስ እንደተለወጠ ታያለች። ችግሩ ያዩትን ለሲኒየሩ መናገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀዶ ሕክምና የደኅንነት መቆጣጠሪያ ዝርዝር፣ ቢላዋ ቆዳ ከመንካቱ በፊት የቡድኑ አባላት ሁሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን እንዲናገሩ ይጠይቃል። ለይስሙላ አይደለም፤ አንዴ አፉን የከፈተ ሰው በኋላ «ቆይ!» ለማለት ይቀለዋል።

መምህሮቻችን፣ ያን ቀን የጓደኛችን ድፍረት ብቻውን አይበቃም ነበር። የታላቃችን «ልክ ነሽ» ነው የመለሰን። ነገ ጠዋት ራውንድ ላይ አንድ ተማሪ ከኋላ ሆኖ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር አይቼ ነበር» ይላችኋል። ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ቢሳሳትም እስኪጨርስ ስሙት፤ ከዚያ ስለተናገረ አመስግኑት። የእናንተን መልስ የሚሰማው እሱ ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ ዝም ብለው የቆሙት ሁሉ ናቸው።