ከመስመሩ ውጭ የነበሩት ትምህርት ቤቶች



«ባሕር የሌለው አገር ልጅ ከሱናሚ ምን አገናኘው?» ብላችሁ እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ። ሳቁ፤ ነገሩ ግን እዚሁ ግቢ በሃይድሮሊክስ ክፍል የተማርነው ስሌት ነው።

የሱናሚ ሞገድ ፍጥነት በውኃው ጥልቀት ይወሰናል። 4,000 ሜትር ጥልቀት ላይ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፤ 10 ሜትር ላይ ሲደርስ ወደ 36 ይወርዳል። የኋላው በፊተኛው ላይ ስለሚደርስ ውኃው ይቆለላል። ኮምፒውተሩ የባሕሩን ወለልና የየብሱን ከፍታ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ፣ ውኃው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ደረጃ በደረጃ ያሰላል። በመጨረሻ ካርታ ይወጣል፤ ውኃው እስከዚህ ይደርሳል የሚል መስመር ያለበት።

እንግዲህ ስሌቱ ሁሉ ከአንድ ግምት ይነሣል፦ የመሬት መንቀጥቀጡ ምን ያህል ይሆናል?

በጃፓን ካማይሺ ከተማ፣ ኡኖሱማይ በተባለው አካባቢ የነበሩ ሁለት ትምህርት ቤቶች ከመስመሩ ውጭ ነበሩ። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. መጠኑ 9.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ ሁለቱንም ውኃ ዋጣቸው። ተማሪዎቹ ግን እዚያ አልነበሩም። ትልልቆቹ የትንንሾቹን እጅ ይዘው ሮጠዋል፤ መጀመሪያ የደረሱበት ቦታ ስላላስተማመናቸው ከዚያም በላይ ወጥተዋል። ፕሮፌሰር ቶሺታካ ካታዳ ለዓመታት ያስተማሯቸው፣ በካርታው ግምት እንዳይታመኑ ነበር። ከመስመሩ ውጭ ነን ብለው ቤታቸው የቀሩ ብዙ አዋቂዎች ግን አልተረፉም።

ይህን ሳነብ አንዲት እናት ትዝ አሉኝ። የወንዝ ጎርፍ ካርታ ሠርቼ ለነዋሪዎች ሳሳይ፣ «ልጄ፣ ቤቴ ከመስመሩ ውጭ ነው?» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ አይዞዎት» አልኳቸው። ምን ያህል ዝናብ እንደገመትኩ አልነገርኳቸውም። እስከ ዛሬ ውኃው አልደረሰባቸውም፤ እሱ ግን የእኔ ጉብዝና አይደለም።

ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለኝ። ተማሪ ካርታ ይዞ ሲመጣ መስመሩን ከማየታችሁ በፊት ግምቱን ጠይቁት። ቤቱ መስመሩ አጠገብ ላለ ሰው በሚገባው አማርኛ፣ እዚያው ካርታው ላይ ካልጻፈው ማርክ አትስጡት። እኔን እንዲህ የጠየቀኝ ቢኖር ኖሮ፣ ለእማማ ሌላ መልስ እሰጣቸው ነበር።