ለትንሿ ባቡር ድምፅ ስለ መስጠት

(በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል ቀን የእጅ ሥራ ክበብ አባሎች ያደረጉት ንግግር)



በአዳራሹ ጥግ በጠረጴዛ ላይ የተዘረጋችውን የድሬዳዋ ጣቢያ ሞዴል ስትገቡ እንዳያችኋት እናምናለን። ሕንፃዋንና ዛፎቿን ዓይን ራሱ ስለሚመረምራቸው እናልፋቸዋለን። የተፈቀደልን ጥቂት ደቂቃ ስለ ሆነ፣ ባቡሯን በትንሽ ገንዘብ እንዴት አድርገን ድምፅ እንዳሰማናት ብቻ እንገልጻለን።

አስቀድመን ስለ እውነተኛው ባቡር አንድ ቃል እንናገር። ምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከተማችንም የተቆረቆረችው በእርሱ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ እስኪደርስ ግን 1917 ሆነ። በዚያ ሐዲድ ላይ በመጀመሪያ ይሠሩ የነበሩት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በናፍጣ ሞተር እየተተኩ ሄዱ፤ እስከ አዲስ አበባ የነበረውም አገልግሎት በ2000ዎቹ መገባደጃ ላይ ቆመ። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ መሥመርና ሌላ ድምፅ አለው። ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ካለነው ተማሪዎች መካከል በዚህ ጣቢያ የእንፋሎት ባቡር ሲተነፍስ በጆሮው የሰማ አንድም የለም። የሰሙት አያቶቻችን ናቸው፤ እነርሱም በየዓመቱ እያነሱ ይሄዳሉ። ክበባችን ሕንፃው ሳያልቅ የድምፁን ሥራ እንድንጀምር የወሰነው ስለዚህ ነው።

የሞዴላችን መጠን ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው። በስጦታ ያገኘነው ሐዲድ ስፋቱ 16.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ይህ በ87 ሲባዛ 1435 ተኩል ይሆናል፤ ይኸውም የአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ስፋት ነው። የቀድሞው ሐዲድ አንድ ሜትር ብቻ ስለ ነበረ፣ ለእርሱ የሚስማማው 12 ሚሊ ሜትሩ ነበር። እርሱ ግን ውድ ነው። ሐዲዳችን ሰፊ መሆኑን እያወቅን ተቀበልነው፤ እስከ ዛሬም በመለኪያ ጎንበስ ብሎ የጠየቀን ሰው የለም። ፊሽካው የሌላ አገር ቢሆን ግን በር ላይ የቆመ ሽማግሌ እንኳ ያውቅብን ነበር።

የሥራው መጀመሪያ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ነው። ድምፅ ከመጨመር በፊት ድምፅ መቀነስ ያስፈልጋል። የሞዴል ባቡር በስስ ጣውላ ላይ ሲሮጥ ጣውላው እንደ ክራር ገበቴ ሆኖ የሞተሩን ጩኸት ያጎላዋል። በዚህ ጩኸት ላይ ሌላ ድምፅ ቢደረብ ሁለቱም አይሰሙም። እኛ ያረጁ ነጠላ ጫማዎችን በቀጭኑ ቀድደን ከሐዲዱ ሥር አነጠፍን። ሐዲዱን በብሎን ከጣውላው ጋር ማሰር አይገባም፤ ብሎኑ ጩኸቱን በቀጥታ ወደ ጣውላው ያስተላልፋልና። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ኮላም እንዲሁ ያደርጋል። ለዚህ ሥራ ያወጣነው ገንዘብ ምንም ነው ለማለት ይቻላል፤ ትርፉ ግን ከኋላ ከገዛነው ሁሉ ይበልጣል።

ሁለተኛው ድምፅም ኤሌክትሪክ አይፈልግም። እውነተኛው ባቡር ሲሄድ «ታታ — ታታ» የሚለው መንኮራኩሮቹ በሐዲዱ መጋጠሚያ ላይ ሲያልፉ ነው። አንድ ፉርጎ ፊትና ኋላ ጥንድ ጥንድ መንኮራኩር ስላለው ምቱ ሁለት ሁለት ሆኖ ይሰማል። እኛም በሐዲዱ አናት ላይ በቀጭን መጋዝ ጥቂት የማይታዩ ጭረቶች በእኩል ርቀት አበጀን። የፉርጎዎቹ መንኮራኩር ከብረት የተሠራ ከሆነ ምቱ ይሰማል፤ ከፕላስቲክ ከሆነ ግን ድካሙ ከንቱ ነው። ከድልድዩ ሥር ደግሞ የባዶ ወተት ጣሳ ሰቅለናል። ባቡሯ በላዩ ስታልፍ ድምፁ ወዲያው ይለወጣል። ትንንሾቹ ተማሪዎች ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ይህንን ጣሳ ነው።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። በውጭ አገር ገበያ በሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ የሚገጠም የድምፅ መሣሪያ አለ። መልካም ዕቃ ነው፤ ድምፁ ከባቡሩ ጋር አብሮ ይጓዛል፣ ትንፋሹም ከመንኮራኩሩ ጋር ይስማማል። ነገር ግን ለአንድ ሎኮሞቲቭ ብቻ 100 ዶላር ገደማ ይጠይቃል፤ ያውም ሙሉ በሙሉ የሚሠራው ሐዲዱ በዲጂታል መቆጣጠሪያ ሲታዘዝ ነው። የክበባችን ሣጥን ይህን አይችልም። ደግሞም ጣቢያው ዝም ብሎ ሎኮሞቲቩ ብቻውን ሲጮኽ፣ ለእኛ አስተያየት፣ ባዶ ቤት ውስጥ እንደሚዘፍን ሰው ነው።

እኛ የመረጥነው ዲኤፍፕሌየር ሚኒ የምትባለውን፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ሰሌዳ ነው። ዋጋዋ በውጭ አገር ጥቂት ዶላር ነው። ትንሽ ሜሞሪ ካርድ ትጎርሳለች፤ እስከ 3 ዋት የምታሰማ ማጉያም በውስጧ አለ። በስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ትሠራለች። ከእግሮቿ አንዷ ከኔጌቲቩ ሽቦ ጋር ለቅጽበት ስትነካካ የተቀዳውን ድምፅ ትጀምራለች። ለሚነካካውም ሰው እንዳያስፈልግ በሐዲዱ መካከል ሪድ ስዊች ቀበርን። ይህ በትንሽ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ የታሸጉ ሁለት ስስ የብረት ምላሶች ያሉት ማብሪያ ሲሆን፣ ማግኔት ሲቀርበው ምላሶቹ ይገናኛሉ። ማግኔቱን ከሎኮሞቲቩ ሥር ለጠፍነው። ባቡሯ ከጣቢያው አንድ ሜትር ሲቀራት በራሷ ታፏጫለች። ባቡሯ ወደ ኋላ ስትመለስም ማግኔቱ ማብሪያውን ስለሚያስነሣው፣ ለዚያ ጊዜ የምናጠፋበት የእጅ ማብሪያ ጨምረናል።

ድምፅ ማጉያው ከተሰበረ ራዲዮን የወጣ ነው። ራቁቱን ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ድምፁ እንደ ትንኝ ይቀጥናል። ምክንያቱም የፊቱ ግፊትና የኋላው ግፊት በአየር ላይ ተገናኝተው እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ዙሪያውን በኮላ በደፈንነው የካርቶን ሣጥን ውስጥ ስናስገባው ድምፁ ወፍራም ሆነ። ሣጥኑ በጣቢያው ሕንፃ ውስጥ ተሠውሯል፤ ድምፁም በጣሪያው ሥር በተበሱ ቀዳዳዎች ይወጣል።

ስለ ትንፋሹ ጥቂት ሒሳብ እንድንናገር ይፈቀድልን፤ የሒሳብ መምህራችንም እዚህ ናቸው። ባለ ሁለት ሲሊንደር የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ መንኮራኩሩ አንድ ጊዜ ሲዞር አራት ጊዜ ይተነፍሳል፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር ፊትና ኋላ እየገፋ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ እንፋሎት ያወጣልና። የመንኮራኩሩ ዲያሜትር 1 ሜትር ነው ብንል፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሴኮንድ ወደ ሁለት የሚጠጋ ትንፋሽ ይሰማል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ግን 14 ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጆሮ መቁጠር አይችልም፣ አንድ ረጅም እሽሽታ ብቻ ይሰማል። ርዝመት በ87 ይካፈላል እንጂ ጊዜ አይካፈልም፤ ስለዚህ ትንሿ ባቡር እንደ መጠኗ ቀስ ብላ ስትሄድ የትንፋሿ ቁጥር ከእውነተኛው ጋር እኩል ነው። ከዚህ የተነሣ መነሻው ብቻ በትክክል እንዲሰማ አደረግን። ሃያ ሴኮንድ የሚቆይ፣ ከቀርፋፋ ወደ ፈጣን የሚሄድ ድምፅ ቀዳን፤ ባቡሯንም የሚነዳው ልጅ ድምፁን እያዳመጠ መቆጣጠሪያውን በዚያው ልክ ይከፍታል። ማሽን ሊያስማማው ይገባ የነበረውን የልጅ ጆሮ አስማማው። ባቡሯ ከኮረብታው ጀርባ ስትገባ ድምፁ ቀስ በቀስ ይሞታል።

የድምፁ ጉልበትም ከዚሁ ሒሳብ ይመጣል። ከሞዴሉ አንድ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ከእውነተኛው ባቡር 87 ሜትር እንደ ራቀ ሰው ነው። ባቡር በዚያ ርቀት ጆሮ አያደነቁርም። በየኤግዚቢሽኑ ሞዴሎች ሲጮኹ ሰምተን ነበር፤ እኛ ግን ሰው ጎንበስ ብሎ እንዲያዳምጥ እስኪያስፈልገው ድረስ ዝቅ አድርገነዋል።

የጣቢያውን ሁካታ በስልክ ቀድተን በኦዳሲቲ አስተካከልን፤ ይህ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። የድሬዳዋን ድምፅ ያለ ባጃጅ መቅዳት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እሑድ ጎህ ሳይቀድ ወጥተን የወፎችን ጫጫታ፣ የጋሪ ፈረስ ኮቴና የሩቅ አዛን አገኘን፤ ወዲያው ከሩቅ አንድ ባጃጅ ተነሣ። የእርሱን ድምፅ ቆርጠን አወጣን፤ የምናሳየው ዘመን አያውቀውምና።

ፊሽካውን ግን ከየትም ቀድተን ማምጣት አልፈለግንም። በኢንተርኔት በብዛት የሚገኙት የአሜሪካ ፊሽካዎች ናቸው፤ እነርሱም ሦስትና ከዚያ በላይ ቃናዎችን አንድ ላይ የሚያሰሙ ናቸው። ሦስት ልዩ ልዩ ፊሽካዎችን፣ ያለ ክፍያ እንዲሠራባቸው ከተፈቀዱት መካከል መርጠን፣ በምድር ባቡር ኖረው ጡረታ ወደ ወጡ ሁለት አባቶች ቤት ወሰድን። የየትኛው አገር እንደ ሆነ ሳንነግራቸው ለየብቻቸው አሰማናቸው። ሁለቱም ባለ አንድ ቃናውን፣ ቀጭኑን መረጡ። አንደኛው አባት ግን ከመረጡ በኋላ ዝም ብለው ቆዩና፦

«ልጆቼ፣ መዶሻውስ የት አለ?» አሉን።

መዶሻው ምን እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። ባቡር ጣቢያ ሲቆም አንድ ሠራተኛ እጀታው ረጅም የሆነ መዶሻ ይዞ መንኮራኩሮቹን አንድ በአንድ እየመታ ያልፍ ነበር። ጤነኛ መንኮራኩር እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ግን ድምፁ ይደፈናል። በሌሊት መብራት ሳይኖር እንኳ ስንጥቁ በጆሮ ይገኝ ነበር። እኒህ አባት ተሳፋሪው ተኝቶ ሳለ ይህ ድምፅ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ሲሄድ እንደሚሰማቸው፣ ሌላው ድምፅ ሁሉ ቢረሳቸው ይህ እንደማይረሳቸው ነገሩን። ይህንን ድምፅ በመጽሐፍ አላገኘነውም፤ ብንፈልገውም ምን ብለን እንደምንፈልገው አናውቅም ነበር።

የትምህርት ቤታችን ደወል፣ እንደምታውቁት፣ ከዛፍ ላይ የተሰቀለ የሐዲድ ቁራጭ ነው። ተማሪዎች ከሄዱ በኋላ ከዘበኛው ፈቃድ ጠይቀን በትንሽ መዶሻ መታነውና ቀዳነው። ለተሰነጠቀው መንኮራኩር ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን መታነው። ቅጂውን ለእኒያው አባት ስናሰማቸው የመጀመሪያውን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሁለተኛውን ሲሰሙ «ይህ ፉርጎ ይፈታ፤ አይሄድም» አሉን።

ዛሬ ባቡሯ ጣቢያ ስትቆም አዳምጡ። ስምንት ጥርት ያሉ ምቶች ትሰማላችሁ፤ ከእነርሱም መካከል አንዱ የተደፈነ ነው። የትኛው ፉርጎ እንደ ሆነ ለሚነግረን ተማሪ ሎኮሞቲቩን አንድ ዙር እንዲነዳ እንፈቅዳለን።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ገና ያልሞላናቸው ቦታዎች በሜሞሪ ካርዱ ላይ አሉ። ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት በጣቢያው ይጮኽ የነበረው ደወል ስንት ጊዜ ይመታ ነበር? ሻጮቹ በፉርጎው መስኮት ሥር ምን ምን እያሉ ይጣሩ ነበር? የሚያስታውስ አያት ወይም ጎረቤት ያላችሁ እንደ ሆነ፣ እኛ ስልካችንን ይዘን ቤታችሁ ድረስ እንመጣለን። ጠረጴዛው አጠገብ ደብተር ተቀምጧል፤ ስማቸውንና ሠፈራቸውን ጻፉልን።