ከቆጣሪው ወዲህ፦ ስለ ቤት ኤሌክትሪክ ጥገናና ስለ ባለሙያ አቀጣጠር



ንግግሬን ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ካለች አንዲት የቆርቆሮ ክዳን ቤት ልጀምር። ቤቷ የአክስቴ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መብራት በገባላቸው በሁለተኛው ወር፣ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ማብሪያ ማጥፊያውን እያበሩ እያጠፉ አሳዩኝና «አንተ የመብራት ዶክተር አይደለህ? እስቲ እየው» አሉኝ። ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁ፤ ደምቆ ይበራል። «መልካም ነው» አልኩ። ቡና ጠጥተን ተለያየን። በዚያው ክረምት፣ አንድ ጫፉ ከጣሪያው ጋር በታሰረ ሽቦ ላይ እርጥብ ልብስ ሲያሰጡ ኤሌክትሪክ መታቸው።

የተረፉት በእኔ ዕውቀት አይደለም። የልጅ ልጃቸው በደረቅ እንጨት እጃቸውን ከሽቦው አላቀቀው። በኋላ ሄጄ ስመረምር፣ ከምሰሶው ወደ ቤት የሚገባው ገመድ ያለ ቱቦ በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ አልፎ አገኘሁት። ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ጠርዙ ልባሱን እየገዘገዘ ፌዙን ከክዳኑ ጋር አገናኝቶታል። ቤቱ የጭቃና የእንጨት ነው፤ በበጋ ደረቅ ግድግዳ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ክዳኑ 220 ቮልት ተሸክሞ ማንም ሳያውቅ ሊቆይ ይችላል። አክስቴ በባዶ እግራቸው እርጥብ መሬት ላይ ቆመው ሽቦውን ሲይዙ መንገዱ ተሟላ። አምፖሉ ግን በዚያችም ሰዓት ደምቆ ይበራ ነበር።

ከሌላ የትምህርት ክፍል ለመጣችሁ፦ አርዲቦ ከታችኛው ሐይቅ፣ ማለትም የእስጢፋኖስ ገዳም ካለበት፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ ትርፍ ውኃው ወደዚያ ይወርዳል። ቮልቴጅ ማለት የሁለቱ ሐይቆች የከፍታ ልዩነት ነው፤ ከረንት ደግሞ የሚወርደው ውኃ። ሰው በመካከል ገብቶ ቦይ እስኪሆን ድረስ ልዩነቱ ብቻውን አይገድልም። (ከውኃ መሐንዲሶች ጋር በዚህ ምሳሌ ስንከራከር ኖረናል፤ ዛሬ ይለፉኝ።)

ብዙ ሰው፣ አንዳንድ የራሴ ተማሪዎች ጭምር፣ «ብሬከር ስላለ ያድነናል» ይላሉ። እናስላው። እርጥብ የሆነ የሰው አካል ተቃውሞ ወደ 1000 ኦም ሊወርድ ይችላል። 220 ቮልት ሲካፈል ለ1000፣ 0.22 አምፒር ይሆናል። ይህ ልብን ለማቆም በቂ ነው። ብሬከሩ ግን 16 አምፒር ነው፤ ከ70 እጥፍ በላይ ይርቃል። ብሬከር የተሠራው ሽቦውን ከመቃጠል ለማዳን እንጂ ሰውን ለማዳን አይደለም። የመሬት ዘንግ መቅበርስ? ዘንጉ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ደረቅና ድንጋያማ መሬት ላይ ተቃውሞው 50 ኦም ቢሆን፣ በዘንጉ ብቻ ለሚተማመን ቤት የሚያልፈው 4.4 አምፒር ነው፤ ብሬከሩ አሁንም አይወርድም። ሰውን የሚያድነው በገበያው አርሲዲ የሚባለው መሣሪያ ነው። በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ያነጻጽራል፤ 30 ሚሊ አምፒር ከጎደለ በቅጽበት ይቆርጣል።

ስለ ምጣድም አንድ ቃል። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ወደ 16 አምፒር ማለት ነው። ይህን በዲቫይደር ላይ ወይም ለመብራት በተዘረጋ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ላይ መሰካት ግድግዳ ውስጥ ምድጃ እንደ መሥራት ነው። ምጣድ ከብሬከሩ ጀምሮ የራሱ መስመር ይፈልጋል፤ እኔ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ እመርጣለሁ። ሶኬቱ ቡናማ ካለ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ካመጣ በናስትሮ ጠቅልሎ ማለፍ ጥገና አይባልም። ከውጭ የሚመጣው አሉሚኒየም ከውስጡ መዳብ ጋር በእጅ ብቻ የተጠማዘዘበት መጋጠሚያም እንዲሁ ነው፤ ለሁለቱ የተሠራ ማገናኛ አለው።

ጄኔሬተርን ሳላነሣ አላልፍም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ለሳምንታት ያለ መብራት እንደነበርን ታስታውሳላችሁ። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ጄኔሬተሩን በሶኬት በኩል ወደ ቤቱ መስመር የሚሰድ ሰው አይጠፋም። ትራንስፎርመር በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ ከቤት የወጣው 220 ቮልት ምሰሶው ላይ ሲደርስ 15000 ቮልት ሊሆን ይችላል። መስመሩ ተቋርጧል ብሎ የወጣው ሠራተኛ የሚያገኘው ይህን ነው። ያለ መቀያየሪያ ማብሪያ ጄኔሬተር ከቤት መስመር ጋር አይገናኝም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልምጣ። ሕጉ አለን፤ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 በኤሌክትሪክ ሥራ የሚሰማራ ባለሙያ የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ይጠይቃል። በቴክኒክና ሙያ ዘርፍም በደረጃ የሚሰጥ ምዘና አለ። ነገር ግን የአክስቴን ቤት የዘረጋው የቤተ ዘመድ ልጅ ነበር፤ የተከፈለው ምሳና ጠላ ነው። አደጋው ከደረሰ በኋላ እንኳ «አብሽር፣ የእኛው ልጅ ነው፤ ስሙን እንዳታነሣ» አሉኝ። ይሉኝታ ባለበት ወረቀት አሳየኝ ማለት ስድብ ይመስላል። እኔም ያን ዕለት ክዳኑን በቴስተር ሳልነካ የሄድኩት ከይሉኝታ የራቀ ምክንያት አልነበረኝም፤ የልጁን ሥራ በቤተሰቡ ፊት መመርመር ከበደኝ።

ስለዚህ ወረቀቱን ለመጠየቅ የማይደፍር ሰው ሥራውን ይጠይቅ እላለሁ። ከመክፈሉ በፊት «የአርሲዲውን መሞከሪያ ተጫንልኝ፣ ሲቆርጥ ልየው» ይበል። «የትኛው ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚያጠፋ ጻፍልኝ»፣ «ዋናውን አጥፍተህ የልባሱን ተቃውሞ ለካልኝ» ይበል። ልኬቱ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ካልሆነ ሥራው አላለቀም። መለኪያው ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ዘመድም ቢሆን አምፖል ይቀይር እንጂ ቤት አይዘርጋ። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የአገልግሎት ሰጪው ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ግን የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው።

መሣሪያዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሬያለሁ፤ ቀርባችሁ ሞክሩ። በስተግራ ያለው የሽቦ ቁራጭ ከአክስቴ ክዳን የተፈታው ነው። የተላጠው ቦታ ከገብስ ፍሬ አይበልጥም፤ ለማየት ብርሃን ላይ አዙሩት። ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።