ጥንካሬና ጭካኔ በሩጫ አሠልጣኝ ዘንድ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከሩጫ ሜዳ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያው ከሜዳው ተነሥቶ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ቤተ ሰብና ወደ መሥሪያ ቤትም የሚዘልቅ ጥያቄ ስላለበት፣ ሩጫ የማይወድ ሰው እንኳ ቢሆን ጥቂት ደቂቃ ቢያዳምጠን የሚጐዳበት ነገር አይኖርም። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ሰውን ለከፍተኛ ውጤት ለማብቃት አሠልጣኙ ምን ያህል ሊጠነክርበት ይገባዋል? ጥንካሬውስ የትኛውን ወሰን ሲያልፍ ነው ጭካኔ የሚባለው?

ይህንን በደፈናው ከመከራከር ይልቅ አንድ የታወቀ ምሳሌ ይዞ መመርመር ይሻላል። ምሳሌያችንም በአሜሪካን አገር በኦሬጎን ዩኒቨርሲቲ የአትሌቲክስ አሠልጣኝ የነበሩት ሚስተር ቢል ባወርማን ናቸው። በንግግራችን ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሚስተር ባወርማን በ1911 ተወልደው በ1999 ያረፉ ሰው ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኢጣልያ ተራሮች ላይ ከተዋጋው የአሜሪካን የተራራ ክፍለ ጦር ጋር ዘምተዋል። ከጦርነቱም በኋላ ዩጂን በምትባለው ከተማ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ፣ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አሠለጠኑ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዩኒቨርሲቲያቸው በአሜሪካን ኮሌጆች የአትሌቲክስ ሻምፒዮና አራት ጊዜ፣ ይኸውም በ1962፣ በ1964፣ በ1965 እና በ1970 የአንደኝነትን ስፍራ አገኘ። በ1960 በሮማ ኦሎምፒክ የእኛው አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ባሸነፈበት ሰሞን፣ የሚስተር ባወርማን ተማሪ የነበረው ኦቲስ ዴቪስ በ400 ሜትር የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። የሚያስደንቀው ነገር ይህ ሰው ወደ ዩኒቨርሲቲው የመጣው ለቅርጫት ኳስ እንጂ ለሩጫ አለመሆኑ ነው። በ1964 በቶኪዮ ደግሞ የቀድሞ ተማሪያቸው ቢል ዴሊንጀር በ5,000 ሜትር የነሐስ ሜዳይ አገኘ። ሚስተር ባወርማን ለተማሪዎቻቸው ጫማ በገዛ እጃቸው እየቈረጡና እየሰፉ ያጫሙ ነበር፤ ዛሬ ናይክ የሚባለውን የጫማ ኩባንያም ከተማሪያቸው ከፊል ናይት ጋር ሆነው በ1964 የመሠረቱ እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ስለ ውጤታቸው ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው ስለ አካሄዳቸው ነው።

ከከሳሾቹ እንጀምር። ሚስተር ባወርማን አዲስ ለገቡ ተማሪዎች አንድ የበቅሎ ተረት ይነግሩ ነበር ይባላል። አንድ ገበሬ በቅሎው አልታዘዝ ስላለችው አሠልጣኝ ይቀጥራል። አሠልጣኙም መጥቶ ወፍራም አጣና ያነሣና በቅሎይቱን ግንባሯ ላይ ይላታል። ገበሬው ደንግጦ «ምን ማድረግህ ነው?» ቢለው፣ «ከሁሉ በፊት ልብ እንድትለኝ ማድረግ አለብኝ» ሲል መለሰ። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ ግን ተረቱ ስለ ማን እንደ ተነገረ አይጠፋቸውም።

ነገሩ በተረት ብቻ ቢቀር መልካም ነበር። ሚስተር ባወርማን ሳውና በሚባለው የሙቀት ቤት ከተማሪዎቻቸው ጋር ተቀምጠው ሳለ፣ የቁልፍ መያዣቸውን በጋለው ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ካጋሉ በኋላ ባልጠረጠረ ተማሪ ገላ ላይ ያሳርፉት ነበር። ይህንን የሚያወሩት ጠላቶቻቸው አይደሉም፤ የገዛ ተማሪያቸው ኬኒ ሙር በ2006 ባሳተመው የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ ከሳሾቹ እንዲህ ይላሉ፤ «ሰውን ገላውን በማቃጠል ማስተማር አይቻልም። ሜዳይ ቢደረደርም ጥፋቱን አይሸፍነውም።»

ተሟጋቾቹም በበኩላቸው መልስ አላቸው። ሰውየው ከጦር ሜዳ የመጡ ናቸው፤ ዘመኑም እንደዚያ ያለ ዘመን ነበር፤ በእጃቸው ካለፉት አብዛኞቹ እስከ ሽምግልናቸው ድረስ በፍቅር ያነሡአቸዋል፤ ለስላሳ አሠልጣኝ የኦሎምፒክ ሯጭ አያፈራም ይላሉ። ከእኛም መካከል በየኔታ አርጩሜ ፊደል የቈጠረ ሰው ይህን አነጋገር በቀላሉ ይረዳዋል።

እንደ እኔ አስተያየት ግን ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ነገር አልነኩትም። ከሳሾቹም ተሟጋቾቹም የሚከራከሩት ስለ ቁጣቸውና ስለ ክንዳቸው ነው። መመርመር የሚገባን ግን ሰውየው ጥንካሬያቸውን በምን ላይ እንዳዋሉት ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት የዚያን ጊዜ የሩጫ ትምህርት ምን ይመስል እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ የቼኮስሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በ5,000 ሜትር፣ በ10,000 ሜትርና በማራቶን ሦስት ወርቅ ካገኘ በኋላ፣ የእርሱ ከባድ ልምምድ በዓለም ሁሉ ተወራ። ከዚያም ወዲያ ብዙ አሠልጣኞች ብዙ የሮጠ፣ በየቀኑም የተሠቃየ ያሸንፋል የሚል እምነት ያዙ። ሚስተር ባወርማን ግን ተማሪዎቻቸውን አንድ በአንድ ሲከታተሉ ሌላ ነገር አስተዋሉ። ሰውነት የሚጠነክረው በሚሮጥበት ሰዓት ሳይሆን ከሩጫው በኋላ በሚያርፍበት ጊዜ ነው። ከባድ ልምምድ ጡንቻን ያደክማል፤ ዕረፍት ደግሞ ይጠግነዋል፤ ጥገናውም ከቀድሞው አብልጦ ያጠነክረዋል። ጥገናው ሳያልቅ ሌላ ከባድ ቀን ከተጨመረበት ግን ሯጩ ይታመማል፣ ጅማቱ ይጐዳል፣ ልቡም ከሩጫው ይሸሻል። ስለዚህ ከከባድ ቀን ቀጥሎ ቀላል ቀን እንዲሆን ደነገጉ። ተማሪውም ልምምዱን ሲጨርስ ተዝለፍልፎ ሳይሆን ገና ብርታት ተርፎት፣ ደስ ብሎት እንዲጨርስ ይሹ ነበር። ይህ ሥርዓት ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ቢሆንም፣ በዚያን ጊዜ ግን ብዙዎች እንደ ስንፍና ይቈጥሩት ነበር።

አሁን ወደ ኬኒ ሙር ታሪክ እንምጣ። ሙር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲው የገባ፣ ትጉህና እልኸኛ ወጣት ነበር። አሠልጣኙ ካዘዙት በላይ በስውር ይሮጥ ስለ ነበር ደጋግሞ ይታመም፣ ይደክምም ነበር። ሚስተር ባወርማን ቢመክሩት አልሰማ አለ። በመጨረሻ አንድ ቀን ጉሮሮውን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ ለሦስት ሳምንት ከታዘዘው ቀላል ሩጫ በቀር አንዲት እርምጃ ቢሮጥ ለኦሬጎን ዩኒቨርሲቲ ዳግመኛ እንደማይሮጥ አስጠነቀቁት፤ ቃል እስኪገባላቸውም ድረስ አለቀቁትም። ሙር በንዴት እየተቃጠለ ታዘዘ። ሦስቱ ሳምንት ካለፈ በኋላ በሁለት ማይል ውድድር ገብቶ፣ ከዚያ በፊት ሮጦት በማያውቀው ፍጥነት አሸነፈ። ከዚያም ወዲህ ለእርሱ ከአንድ ከባድ ቀን በኋላ ከአንድ በላይ ቀላል ቀን እንደሚያስፈልገው ተረዳ።

አድማጮች ሆይ፤ የዚህን ታሪክ እንግዳነት ልብ በሉት። ጨካኝ የሚባሉት አሠልጣኝ ተማሪያቸውን ያነቁት ሩጥ ብለው ሳይሆን ዕረፍ ብለው ነው! እርግጥ ጉሮሮ መያዛቸውን እኔም አላመሰግንም፤ ቢሮ ጠርተው ከቡድኑ ቢያግዱት ያው ውጤት ይገኝ ነበርና። ነገር ግን ሙርን ያዳነው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ የእጃቸው ጥንካሬ ሳይሆን የዐይናቸው ጥራት ነው። የዚያን ልጅ ሰውነት ከሌላው ለይተው አውቀውት ነበር።

በ1972 በሙኒክ ኦሎምፒክ ይኸው ኬኒ ሙር በማራቶን ሮጠ። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አንደኛ፣ የቤልጂጉ ካሬል ሊስሞንት ሁለተኛ ሆኑ። ሦስተኛውን ስፍራ በ1968 በሜክሲኮ ወርቅ ያገኘው የእኛው ሻምበል ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ሲወስድ፣ ሙር በ31 ሴኮንድ ተቀድሞ አራተኛ ወጣ። በስውር እየሮጠ ራሱን ሲጐዳ የነበረው ልጅ ከዓለም ማራቶን ሯጮች አራተኛው ለመሆን የበቃው ማረፍን ስለ ተማረ ነው። ኋላም ማሞ ወልዴ ከ1992 ጀምሮ ለዓመታት በእስር ቤት በቈየ ጊዜ፣ ሜዳይ ያጣበትን ሰው ጉዳይ በ1995 በአንድ ታላቅ የአሜሪካን የስፖርት መጽሔት ላይ ጽፎ ለዓለም ያሰማው ይኸው ሙር ነበር። ይህን በጎነት ለአሠልጣኙ እንስጥ ማለቴ አይደለም፤ የሙር የራሱ ነው። ነገር ግን ከጠንካራ አሠልጣኝ እጅ ወጥቶም ልቡ ያልደነደነ ሰው እንደሚገኝ ያስረዳናል።

ታዲያ የጋለው ቁልፍ ከዚህ ጋር እንዴት ይታረቃል? አይታረቅም። ቁልፉ ለማንም ሯጭ አንዲት ሴኮንድ አልቀነሰለትም። ኦቲስ ዴቪስ ወርቅ ያገኘው፣ ሙርም አራተኛ የወጣው በትክክለኛ ልምምድ፣ በልክ በተሰፋ ጫማና በዕረፍት ነው። ስለዚህ የታላቅ ሰው ሥራና የታላቅ ሰው ዐመል በአንድ ሚዛን መመዘን የለባቸውም። ሥራው ይወረሳል፤ ዐመሉ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ መቀበርም ይገባዋል።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። የታላቅ አሠልጣኝ ዝና ሲወራ፣ ሰው ቀድሞ የሚወርሰው ዐመሉን ነው። መቈጣት ቀላል ነው፤ ሠላሳ ተማሪ ለያይቶ ማወቅ ግን ዓመታት ይፈጃል። በ2021 በዚያው በኦሬጎን ዩኒቨርሲቲ ስድስት ሴቶች ሯጮች የሰውነታቸው ስብ በመሣሪያ እየተለካ ይከታተሉአቸው እንደ ነበርና ይህም ጤናቸውን እንደ ጐዳው ለአንድ ጋዜጣ ገለጹ። በጊዜው የነበሩት አሠልጣኝ ቁጥር ለመመዘን እንደሚረዳ ተናግረው ተከራከሩ፤ በ2022 ግን ውላቸው ሳይታደስ ቀረ። ስለ ግለሰቡ ለመፍረድ አልተነሣንም። ነገር ግን የሴቶቹን አቤቱታ ስናዳምጥ፣ ልኬት ሯጩን ለማወቅ ሳይሆን ለማስጨነቅ ከዋለ፣ መሣሪያው ዘመናዊ ቢሆንም አድራጎቱ ከጋለው ቁልፍ የራቀ እንዳልሆነ እንረዳለን።

እንግዲህ ጠንካራውን አሠልጣኝ ከጨካኙ በምን እንለየው? ሦስት መመዘኛዎች አቀርባለሁ።

መጀመሪያ፣ ጥንካሬው ለማን ጥቅም ነው? ሚስተር ባወርማን ሙርን በማሳረፋቸው ለሦስት ሳምንት የሚጐድልባቸውን ሯጭ ነገ ለሚያገኘው ጤና ሲሉ ተዉት። ተማሪውን ለዛሬው ድል ብቻ የሚያስሮጠው ግን የሚጠቅመው ለገዛ ስሙ ነው።

ሁለተኛ፣ አሠልጣኙ የሚያሠለጥነውን ሰው ለይቶ ያውቀዋልን? ሁሉን በአንድ አለንጋ የሚነዳ ሰው ጠንካራ መባል አይገባውም፤ ለማወቅ የታከተ ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ ራሱስ ይማራልን? በ1962 የሚስተር ባወርማን ተማሪዎች በአራት ሰዎች ቅብብል የማይል ሩጫ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበሩና ወደ ኒውዚላንድ ተጋበዙ። በዚያም አርተር ሊዲያርድ የተባሉት ስመ ጥር አሠልጣኝ ሚስተር ባወርማንን ከተራ ሰዎች ጋር ለሶምሶማ ሩጫ ወሰዱአቸው። ዕድሜው ሰባ ያለፈና የልብ ሕመም ደጋግሞ የጣለው አንድ ሽማግሌ፣ ገና በ51 ዓመታቸው የነበሩትን ታላቅ አሠልጣኝ ዳገት ላይ ጥሎአቸው ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ነገር ይደብቀው ነበር። እሳቸው ግን አገራቸው ሲመለሱ የዩጂንን ሕዝብ፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ ወደ ሩጫ ሜዳው ጠርተው ሶምሶማ ያስተምሩ ጀመር፤ ቈየት ብሎም ከአንድ የልብ ሐኪም ጋር ሆነው ስለ ሶምሶማ መጽሐፍ አሳተሙ። ተማሪውን የሚያስጨንቅ፣ እርሱ ራሱ ግን ተማሪ መሆን የማይወድ ሰው ይህን አያደርግም።

ክቡራንና ክቡራት ሆይ፤ አብዛኞቻችን የሩጫ አሠልጣኞች አይደለንም። ነገር ግን ከመካከላችን በሥሩ ጸሐፊ ወይም ሒሳብ ሹም የማያሠራ፣ በቤቱም ልጅ የማያሳድግ ሰው ጥቂት ነው። ሥራ ሲደራረብ፣ ሪፖርትም ሲዘገይ፣ ሁላችን ወደ ቁጣው እንሮጣለን። በዚያን ጊዜ ሦስቱን ጥያቄዎች ለራሳችን ብናቀርብ መልካም ነው። ይህ ጥብቅነቴ ለሠራተኛው ዕድገት ነው ወይስ እኔ በአለቃዬ ፊት ሞገስ እንዳገኝ? ይህ ሰው ምን እንደሚችልና ምን እንደ ከበደው አውቄያለሁን? ከእርሱስ የተማርሁት አንዳች ነገር አለን? ሌሊት ስታጠና ያደረችውን ልጃችንን ጧት ስትነቃ አጥኚ ከማለታችን በፊትም፣ ለዛሬ ተኚ ብሎ ማዘዝ ብርታት የሚጠይቅ ትእዛዝ መሆኑን እናስብ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል የአገራችን ተረት። በቁጣ ተጣድፎ የታሰረ ትምህርትም እንደዚሁ መንገድ ላይ ይፈታል። በጥንቃቄ፣ ሰውየውን በማወቅና በጊዜው በማሳረፍ የታሰረ ግን እስከ መጨረሻው ያደርሳል። ጥንካሬ ያስፈልጋል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የጠነከረ እጅ የሚያስተውል ዐይን ከሌለው ይሰብራል እንጂ አያቀናም።